በሁዳዴ የተቀቀለው ሽጉጥ

በደርግ ዘመን ብዙ ሰው መሣሪያ ደብቆ ተጨነቀ። የእኛ ቤት ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ሊወስዱብን ያሰቡትን ሽጉጥ፣ ከመውሰዳቸው በፊት ጠግነን ማቆየት ነበረብን። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም።

ሽጉጡ የአያቴ ነበር። አያቴ ከእንጦጦ ወደ ከተማ በሚወርደው መንገድ ላይ የኬላ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ግሪክ መካኒክ መታሰቢያ ብሎ ሰጣቸው ይባላል። ባለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ስድስት ጥይት የሚይዝ፣ በተተኮሰ ቁጥር የሚዞር ክብ ሆድ አለው። እጀታው ቀንድ ነው። አያቴ ሲሞቱ ለአባቴ ወረደ፤ አባቴ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተውና ረሳው። አባቴ ጡረታ የወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከእርሳስ መቅረጫ የሚከብድ መሣሪያ ሲይዝ አላየሁትም።

ቤታችን የካ ነው፣ ተራራው ሥር፣ ባሕር ዛፉ ከአጥራችን ጀርባ የሚጀምርበት ቦታ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ሾላ ገበያ አጠገብ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። እህል ይዤ ስሄድ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ሳይኖር አይቼው አላውቅም። አሁን ካኪ ለብሶ፣ ቅንድቡን አጥርቶ፣ መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ አለን።

«በግለሰብ እጅ ያለ መሣሪያ ሁሉ እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ለሰፊው ሕዝብ ይመለሳል። የማይሠራ መሣሪያ ያስረከበ ደግሞ አሻጥረኛ ነው!»

ይህቺ የመጨረሻዋ ዝም ብላ የተጣለች ማስፈራሪያ አልነበረችም። ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ጠመንጃ አስረክቦ፣ ውስጡ አንድ ብረት ጎድሎ ተገኘ። ብረቱን ማን እንዳወጣው ሰውየውም አያውቅ፤ ምናልባት የሞቱት አባቱ ይሆናሉ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ስንቁን ይዛ ትመለሳለች። ሁላችንም በበራችን ስታልፍ እያየን አንገታችንን እንደፋለን።

እንግዲህ በዚያ ስብሰባ ላይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም። አባቴ ግን ሲፈራ የሚናገር ሰው ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለና እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር! የእኔዋ ሽጉጥ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው! በሚመጣው እሑድ በሕዝብ ፊት አሳያለሁ!»

ተጨበጨበለት። ሊቀመንበሩም «ምሳሌነት ያለው አባት» አለው። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ የነበረችው እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው መንገድ ላይ።

«ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።»

«ይኸው ደስ አላቸው። አሁን አንተ ደስ ይበልህ።»

ቤት ገብተን ሳጥኑ ተከፈተ፣ ጨርቁ ተፈታ። አባቴ ሆዱን ሊያዞረው ሞከረ፤ አይዞርም። ሊከፍተው ሞከረ፤ አይከፈትም። ምላጩን በአንድ ጣት ሳበ፣ በሁለት ጣት ሳበ፣ በመጨረሻ ሽጉጡን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ እንደ ጠርሙስ ክዳን ታገለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ሰዎች የአያቴን ሽጉጥ አላዩም። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔ እኔም ፈራሁ። ስንቅ ይዛ የምትመለሰዋ ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ወደ መሣሪያ ጠጋኝ መውሰድ አይታሰብም። ሽጉጡ አይሠራም የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል። ስለዚህ የእናቴ ወንድም ተጠራ። አጎቴ የዘመዶቻችን ሁሉ ብቸኛው ወታደር ነበር። ወታደርነቱ ግን በሙዚቃ ክፍል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ትሮምቦን ሲነፋ ኖሮ ነው የተሰናበተው። እሱም ቢሆን «አላውቅም» አላለም። እጁን ታጠበ፣ ሽጉጡን ተቀበለ፣ አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።

እናቴ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል? መዘጋቱ የሚታወቀው በትንፋሽ ነው» አለና ቆጣ አለ። ደግነቱ አልነፋም፤ አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል።»

ተራ በተራ አሸተትነው። ኮረሪማ አለው፣ ኮሰረት አለው። ምንም ጥርጥር የለውም፣ የቤታችን ንጥር ቅቤ ነው። ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያቴ በሕይወት ሳሉ በየዓውደ ዓመቱ አናታቸውን ቅቤ ሲቀቡ ሽጉጣቸውንም ይቀቡ ነበር። ከመሞታቸው በፊት ይህን አደራ የሰጡት ለልጃቸው አልነበረም፤ ልጃቸውን ያውቁታል። ለምራታቸው ነው የሰጡት። እናቴም በየእንቁጣጣሹ፣ በየገናው፣ በየፋሲካው ሳጥኑን ከፍታ፣ ሽጉጡን ቀብታ፣ ጠቅልላ ትመልሰው ነበር። ለጋ ቅቤ ሲጠፋ ንጥር ቀባችው። ንጥሩም ሲወደድ ለብረት ደህናው ቅቤ ምን ያደርግለታል ብላ ከማሰሮው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ ከነቅመሙ ትጠቀጥቅበት ጀመር። ያ ሁሉ ዓመት ያ ሁሉ ዝቃጭ ደርቆ፣ ሽጉጡ ከውስጥ እንደ ሰም ተደፍኗል።

«እኔ በሻይ ዳቦ ስበላ ሽጉጥ ቅቤ ይበላል?» አለ አባቴ።

«አንተ መቼ አደራ ተቀበልክ?» አለች እናቴ፤ በዚያው ተዘጋ።

ላምባ ፍለጋ ወጣሁ፤ የቀበሌው ሱቅ ላምባ አልነበረውም። የስፌት ማሽን ዘይት ተሞከረ፤ ዘይቱ ፊት ለፊት ገብቶ ፊት ለፊት ወጣ። በመጨረሻ አጎቴ ቅቤን የሚያቀልጠው ሙቀት ነውና እንቀቅለው አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ ነበር። አያቴ ባዶ ሽጉጥ ቤት ውስጥ አያስቀምጡም ነበር። ሆዱ ደግሞ አልከፈት ብሎናል። ስለዚህ ጥይት ይኑርበት አይኑርበት የምናውቅበት መንገድ የለም። የምንቀቅለው ምናልባት የጎረሰ ሽጉጥ ነው።

እናቴን ያስጨነቃት ግን ይህ አልነበረም።

«የጾም ድስቴን አልሰጥም» አለች።

ሁዳዴ ነበር። በእኛ ቤት ለጾምና ለፍስክ የተለያየ ድስት ነው ያለው። የጾሙ ድስት ቅቤና ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ሽጉጡ ደግሞ እስከ አንገቱ ቅቤ ነው።

«ሰው ሊታሰር ነው፣ አንቺ ስለ ድስት ታወሪያለሽ!» አለ አባቴ።

«ብትታሰርስ ስንቅህን የምሠራው በምን ድስት ነው? ቅቤ በነካው ድስት የተሠራ በሁዳዴ ትበላለህ?»

አባቴ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው።

«አልበላም» አለ።

ስለዚህ ለፋሲካ በአመድ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር የተቀመጠው የፍስክ ድስት ወጣ። ጓሮ ባለችው ማድ ቤት ተጣደ፤ ሽጉጡ በውሃው ውስጥ ገባ፤ እናቴ ከሰሉን አራገበች። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር አባቴ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ሄዶ ቆመ። አጎቴ ወታደራዊ ሥልጠናው ትዝ ብሎት የጎመን መደቡ ላይ በሆዱ ተኛ። እኔን «አንቺም ተኚ» አሉኝ፤ ቀሚሴ ነጭ ስለነበር አልተኛሁም። እናቴ ብቻ ክዳኑን እየከፈተች ታማስለዋለች። ለምን እንደምታማስለው ጠይቄያት «ልማድ ነው» ብላኛለች።

ሽጉጡ አልፈነዳም። የፈነዳው ሽታው ነው። ያን ሁሉ ዓመት የታመቀው ንጥር ቅቤ በአንድ ጊዜ ተፈታና በአጥሩ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ በሰፈሩ ሁሉ ላይ ናኘ። ሰው ሽሮና ጎመን በሰለቸው በሁዳዴ አጋማሽ፣ ከእኛ ጓሮ ፋሲካ ይሸታል። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን፣ ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሴትዮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኅቴ፣ ሰው ታመመባችሁ እንዴ?» አሉ በርኅራኄ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳልና መውጫ ሊያበጁላት ነበር።

እናቴ መዋሸት አትችልበትም። «ኧረ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሴትዮዋ አማተቡና አንገታቸውን መለሱ።

ቅቤው ከላይ እንደ ወጥ ቀለም ተንሳፍፎ፣ ሽጉጡ በወንፊት ጭልፋ ወጣ። አጎቴ በጨርቅ ይዞ ሲገፋው ሆዱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ጥቂት ጥይቶች ነበሩበት፤ አራግፎ አወጣቸው፤ ከጥይቶቹ ጋር የኮረሪማ ፍሬ ወደቀ። አባቴ ከበርሜሉ ጀርባ ወጥቶ ፍሬውን አነሳና እንደ ትልቅ ግኝት ለእያንዳንዳችን አሳየን።

በማግሥቱ ሁለት ወሬ ደረሰን። የንስሐ አባታችን እናቴን አስጠርተው በጾም ቅቤ ስለመብላት የሚሰገድ ስግደት ሰጧት። እውነቱን ትናገር ይሆን ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ግን ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም፤ ሽጉጡ ተበላሽቶ ነበር ከምትል በልታለች ቢባል ይሻላታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ላልበላችው ቅቤ ሰገደች። አባቴ ደግሞ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ሳለ ሊቀመንበሩ መጥቶ ትከሻውን ያዘ።

«አባባ፣ ከኋላ ቀር ልማድ መላቀቅዎን ሰምተናል። ለሌሎች ሽማግሌዎችም ትምህርት ይሆናል።»

በሕይወቱ አንድ ጾም ያልገደፈው አባቴ ጎረቤቶቹ ሁሉ እያዩት «አመሰግናለሁ ጓድ» አለ። ቤት ሲመጣ ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከእናቴ ጎን መስገድ ጀመረ።

ሽጉጡ መከፈቱ ግን ይተኩሳል ማለት አይደለም። አባቴ በሕዝብ ፊት ከማፈሬ በፊት ልሞክረው አለ። ጥይት ተኩሶ መሞከር ደግሞ ለአሰሳ መጥሪያ መላክ ነው። መላ የመታው አጎቴ ነው። ከየካ በላይ፣ በተራራው ወገብ ላይ ድንጋይ ካባ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩን በድማሚት ያፈነዱታል፤ ከዚያ በፊት አንድ ሠራተኛ ሰው ዞር እንዲል ጥሩንባ ይነፋል። ድማሚቱ ሲጮህ አባቴ አብሮ ይተኩሳል፤ ማንም አይለይም።

ሽጉጡን እኔ ተሸከምኩት፤ በጆንያ፣ በደረቅ ባሕር ዛፍ ቅጠል መካከል። ሴት ልጅ ቅጠል ስትሸከም ማንም አያያትም። አባቴና አጎቴ ጠበል የሚሄዱ መስለው ነጠላ አጣፍተው ከኋላዬ ዳገቱን ወጡ። አንድ ጭር ያለ ቦታ ስንደርስ አባቴ ሽጉጡን ተቀብሎ አንድ ወፍራም ዛፍ ላይ አነጣጠረና ዓይኑን ጨፈነ። ከወደ ካባው ጥሩንባው ተነፋ።

«ድምፁ ተንሸራተተ» አለ አጎቴ ፊቱን ጨምድዶ።

ድማሚቱ ፈነዳ። አባቴ ምላጩን ሳበ። ምንም የለም። እንደገና ሳበ። ተራራው ሁለተኛ ጮኸ፣ ሦስተኛ ጮኸ፤ አጎቴ «አሁን ጋሼ! አሁን!» ይላል፣ አባቴ ይስባል፣ ሽጉጡ እምቢ። ፍንዳታው አለቀ። ጸጥ አለ። ወፎቹም ወደየዛፋቸው ተመለሱ። አባቴ ዓይኑን ገልጦ ሽጉጧን ወደ ጎን አዘነበላት፣ ምን ነካት ብሎ በግራ በኩል በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋትና ምላጩን ነካ አደረገ። ያን ጊዜ ተኮሰች።

ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወደቀ። ከታች በመንገዱ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ጮኹ።

«ማነው?» አለች አንዷ።

«ካባው ነው!» ብሎ መለሰላት አጎቴ። «አንዷ ድማሚት ዘግይታ ነው!»

«ታዲያ ጥሩንባውን ለምን አትነፉም! ነፊ የላችሁም?»

በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ አጎቴን ያስቀየመችው ይህቺ ንግግር ናት። እስከ ቤት ድረስ አላናገረንም።

አባቴ ግን ምስጢሩን አግኝቷል። በግራ በኩል፣ ከመምቻው ሥር፣ አውራ ጣትህን ጫን ካላደረግህ ሽጉጧ ትነክሳለች እንጂ አትሠራም። ጫን ካደረግህ እንደ ቅቤ ትሄዳለች። ቅዳሜን ሙሉ ባዶዋን እያንቀጫቀጨ ተለማመደ፤ አውራ ጣቱ ሳያስታውቅ ቦታው ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ጣት ካልተጫናት አትሠራም ብሎ ለቀበሌ መናገር አይሞከርም፤ ያው የማትሠራ ማለት ነው።

እሑድ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አባቴ ሽጉጧን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። «ላሳያችሁ» አለ። አፈሙዟን ወደ ጣሪያው አድርጎ ባዶዋን ሳባት፣ ሆዷ ዞረ፣ ሳባት፣ ዞረ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ሊቀመንበሩ ተቀበለውና እዚያው ወገቡ ላይ ሻጣት። እኔ በእፎይታ አለቀስኩ። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እንደ ኮረዳ ቀለል ብሎ ይራመድ ነበር። ስለ አውራ ጣቱ፣ ስለ ጭብጨባው ደጋግሞ ነገረን። እናቴም ሳቀች። ያን ሁሉ ቀን የቀቀልነውና የጠገንነው ነገር ሽጉጥ መሆኑን ረስተነው ነበር ማለት ነው።

ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሰፈራችን ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ በሩን በጊዜ ይዘጋ ጀመር። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ወጣት ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። እናቴ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችው። ሽጉጧን ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በአባቴ የሻይ ብርጭቆ አጠገብ አኖራት።

«አባባ፣ ይቺ ነገር አመሏን ቀየረች። ብስባት እምቢ ትለኛለች። የእርስዎን እጅ ታውቃለች ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ፈለግሃት?» አለ አባቴ።

«ነገ አሰሳ አለ። ከዚህ ሰፈር የምንፈልጋቸው ልጆች አሉ።»

እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ሽጉጧን አነሳት። ከፈታት፤ ጎርሳለች። ዘጋት። አውራ ጣቱ በራሷ ጊዜ ሄዳ በግራ በኩል፣ ከመምቻው ሥር አረፈች። አየኋት። ሊቀመንበሩ የሚያየው የአባቴን ፊት ነው፤ እኔ የማየው ጣቱን ነው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ አባቴ ጣቱን አነሳና ሱሪው ላይ ጠረጋት።

«አላውቅም ልጄ» አለ።

«በሕዝብ ፊት ሲያሠሯት አይተናል እኮ።»

«ያኔ የእኔ ነበረች። አሁን የሕዝብ ናት። ነካክቼ ባበላሻት አሻጥረኛ መሆኔ ነው።»

«አሻጥረኛ ማን እንደሆነ የምንወስነው እኛ ነን» አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ። ሽጉጧን አንስቶ ወገቡ ላይ መለሰ፤ እናቴ ያቀረበችለትን ሻይ ሳይነካ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ሰማን።

አባቴ እንደተቀመጠ ቀረ። በዚያች ሰዓት የወደድኩትን ያህል አባቴን ወድጄው አላውቅም።

«ይመጡ ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ አባዬ» አልኩት።

ያን ሰሞን አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ይተኛ ነበር። እናቴ እንቅልፍ ሲወስደው ጫማውን ታወልቅለታለች። እሱ ሲነቃ መልሶ ያጠልቀዋል። ወደ እኛ ቤት ማንም አልመጣም። ቢሆንም እስከ ክረምቱ ድረስ ጫማውን አስሮ መተኛቱን አልተወም።